የአደን ሥጋ ይሸጣልን?

በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ባለፈው ኅዳር ያጋጠመውን ነገር አጫወተን። ጎረቤቱ አዳኝ ነው። የአደን ወራት ሲገባ ቅዳሜ ጧት ጠመንጃውን በመኪናው ጭኖ ይወጣል፤ ከቀናው ማታ አንድ አጋዘን ይዞ ይመለሳል። ከዕለታት አንድ ቀን ከዚሁ ሥጋ ሦስት ኪሎ ያህል ጠቅልሎ ለወዳጃችን አበረከተለት። ወዳጃችንም በቅቤና በሚጥሚጣ ጠብሶ ቢቀምሰው እጅግ ጣፈጠው። (ሥጋው በማን እጅ እንደተባረከ ሳይጠይቅ መብላቱን እናቱ ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበረ ለጊዜው እንተወው።) ለገና እንግዶች ለመጥራት አስቦ ነበረና ወደ ጎረቤቱ ሄዶ፣ «የቀረውን ሽጥልኝ፤ የፈለግኸውን እከፍላለሁ» አለው። ሰውየውም ፊቱ ተለወጠና፣ «ከፈለግህ ሌላም እሰጥሃለሁ፤ ከሸጥሁልህ ግን ሁለታችንም ወንጀለኞች ነን» ሲል መለሰለት።

ወዳጃችን ነገሩ ቀልድ መሰለው። በነጻ ሲሰጥ መልካም የሆነ ነገር በገንዘብ ሲሆን እንዴት ወንጀል ይሆናል? አጋዘኑ እንደሆነ ሞቷል፤ ሥጋው ቢሸጥም ባይሸጥም ነፍስ አይዘራም። እኛም ጥያቄውን ተቀብለን ሰነበትንበት፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ነገሩ የአንድ ድስት ወጥ ጉዳይ ብቻ መስሎን ነበር፤ ሆኖም ስለ መሬት፣ ስለ ባለቤትነትና ስለ መንግሥት ሥልጣን ወደሚያስጠይቅ ቦታ አደረሰን። በመጨረሻም ወደ ገዛ አገራችን፣ ወደ ጋምቤላ ሜዳ መለሰን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቱ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አስቀድመን ስለ ስሙ አንድ ቃል እንበል። የአሜሪካኑን እንስሳ አጋዘን የምንለው ሌላ ስም በማጣት ነው። የእኛው አጋዘን ቀንዱ እስከ ዕለተ ሞቱ አይለየውም፤ የእነርሱ ግን ቅርንጫፍ የሚያወጣውን ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ በየዓመቱ አዲስ ያበቅላል።

የአሜሪካኖች ሕግ የተወለደው ከጸጸት ነው ለማለት ያስደፍራል። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ አገር የአደን ሥጋ እንደ በሬ ሥጋ በየገበያው ይሸጥ ነበር። ለገበያ ማደን ራሱን የቻለ ሙያ ነበረ። ከወዳጃችን ቤት በማይርቀው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ አዳኞቹ በታንኳ አፍንጫ ላይ ትልቅ ጠመንጃ ጠምደው በአንድ ተኩስ በደርዘን የሚቆጠር ዳክዬ ይጥሉ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን መንገደኛ እርግብ የተባለችው ወፍ ታሪክ ነው። ይህች ወፍ በምሥራቅ አሜሪካ ደኖች ከ3 ቢሊዮን በላይ ትቈጠር እንደነበረ ሊቃውንት ይገምታሉ። መንጋዋ ሲያልፍ ፀሐይን ለሰዓታት ይጋርድ ነበር ይባላል። ገበሬው ለድስቱ ያህል ሲያድናት ብዙ ዘመን ኖሯል፤ በዚህ አላለቀችም። የፈጇት ባቡርና ቴሌግራፍ ናቸው። መንጋው የት እንደሰፈረ በቴሌግራፍ ይነገራል፤ አዳኞቹ በባቡር ይደርሳሉ፤ ሥጋውም በበርሜል ታሽጎ በዚያው ባቡር ወደ ከተማ ይጓዛል። የደኑ መመንጠርም በዚህ ላይ ተጨመረ። ማርታ የተባለችው የመጨረሻይቱ እርግብ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማሳያ ውስጥ ሞተች። አንባቢያችን ይህችን እርግብ፣ ባቡሩንና ቴሌግራፉን እንዳይረሳብን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እርግቧ ገና ሳትጠፋ ሕጉ መምጣት ጀመረ። በ1896 ጂር የተባለ ሰው ያደኑ ወፎችን ከኮኔቲከት ግዛት አውጥቶ ለመላክ በመያዙ ተከሶ ነገሩ እስከ ላዕላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ወፎቹ የታደኑት በተፈቀደ ጊዜና በተፈቀደ ቦታ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የዱር እንስሳ የማንም ግል ሀብት አይደለም፤ የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው፤ መንግሥትም በአደራ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ከተገደለ በኋላ እንኳ ወዴት ይሂድ የሚለውን መንግሥት ሊወስን ይችላል ሲል ፈረደ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1900 የአይዋው እንደራሴ ጆን ሌሲ ያቀረበውና በስሙ የሚጠራው ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ከአንድ ግዛት ደንብ ውጪ የታደነ እንስሳ ወደ ሌላ ግዛት ተጭኖ እንዳይነገድበት ከለከለ። በ1918 ደግሞ ከአገር ወደ አገር የሚፈልሱ ወፎች እንዳይሸጡ ተደረገ። ግዛቶቹም በየራሳቸው የአጋዘኑን ሥጋ ከገበያ አወጡት። በ1979 ላዕላይ ፍርድ ቤቱ የጂርን ፍርድ ሽሮ «መንግሥት ባለቤት ነው» ማለት በሕግ አነጋገር እንጂ በእውነት አይደለም ብሏል፤ ይሁን እንጂ መንግሥት የዱር እንስሳን የመጠበቅ ሥልጣኑ አልተነካም፤ የጎረቤታችን አጋዘንም ወደ ልኳንዳ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አሜሪካኖች ገበያውን ሲዘጉ አደኑን አልዘጉም። ማንኛውም ነዋሪ የአደን ትምህርቱን ተምሮ መጠነኛ የፈቃድ ገንዘብ ከከፈለ ለራሱ ድስት ማደን ይችላል፤ ፋብሪካ ሠራተኛም ይሁን ዳኛ። የፈቃዱም ገንዘብ፣ በ1937 በወጣው ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥም ለእንስሳቱ ጥበቃ ይውላል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነጭ ጅራት ያለው አጋዘን ወደ ግማሽ ሚሊዮን ወርዶ እንደነበረ ይገመታል፤ ዛሬ 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከመብዛቱም የተነሣ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪና ከአጋዘን ጋር ይጋጫል ሲሉ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይገምታሉ። እንዲያውም በ2011 አንዳንድ የዱር እንስሳት ሊቃውንት አጋዘኑ እንዲህ ከበዛ በቁጥጥር ሥር ለገበያ ቢታደንስ የሚል ሐሳብ በሙያ መጽሔታቸው ላይ አቅርበው ነበር። ሐሳቡን አጥብቀው ከሚጠሉት ግንባር ቀደሞቹ አዳኞቹ ናቸው። ለምን ቢባል፣ ዋጋ የወጣለት እንስሳ የእነርሱ የቅዳሜ እንስሳ መሆኑ ይቀራል። የተረፋቸውን ሥጋ ለችግረኞች በነጻ የሚያከፋፍሉ ማኅበሮች አቋቁመዋል፤ ሽያጭን ግን አይሰሙም።

«ታዲያ በአሜሪካ ሆቴሎች የአጋዘን ሥጋ ተብሎ የሚቀርበው ምንድን ነው?» የሚል ቢኖር፣ መልሱ የእርባታ አጋዘን ነው የሚል ይሆናል። ከዚያም ብዙው ከኒውዚላንድ የሚመጣ ነው። በኒውዚላንድ አጋዘን አልነበረም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች ለአደን ጨዋታ ብለው አገቡት፤ ተራብቶ ደኑን ሲበላ ጠላት ሆነ። በ1960ዎቹ በሄሊኮፕተር እየታደነ ሥጋው ወደ ጀርመን ይላክ ጀመር፤ በኋላም እየተያዘ በአጥር ውስጥ እንደ በግ ይረባ ጀመር። ስለዚህ የወዳጃችን ጎረቤት በጓሮው የሚያየውን እንስሳ ሊሸጥ አይችልም፤ ከባሕር ማዶ የመጣውን የዚያኑ ዘመድ ግን ማንም ገበያ ሄዶ ይገዛል።

ወደ ጀርመን ስንሻገር ሕጉ ፊቱን ያዞራል። በዚያ የክረምታቸው ወራት ሲገባ የአጋዘንና የዱር አሳማ ሥጋ በየሥጋ ቤቱ በግልጥ ይሸጣል። አዳኙ ራሱ ያደነውን በጥቂት በጥቂቱ ለጎረቤቱ ወይም ለአካባቢው ሆቴል ቢሸጥ የኤውሮፓ ኅብረት በ2004 ያወጣው የምግብ ንጽሕና ደንብ በር ይከፍትለታል። ብቻ ምርመራ አለ። ከዱር አሳማው ሥጋ ቁራጭ ተወስዶ ትል ያለበት እንደሆነ ሳይመረመር ወደ ሰው አፍ አይገባም። በደቡብ ጀርመን ደግሞ ሌላ ምርመራ ተጨምሮበታል። በ1986 በቼርኖቢል የፈነዳው የአቶም ጣቢያ ያፈሰሰው መርዝ በደኑ አፈር ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፤ አሳማውም በአፍንጫው እየቆፈረ እንጉዳይ ስለሚበላ መርዙ በሥጋው ይገባል። በአንድ ኪሎ ከ600 ቤከሬል በላይ የተገኘበት ሥጋ አይሸጥም፤ ይጣላል፤ አዳኙም ካሣ ይከፈለዋል።

ሥጋው በገበያ እየተሸጠ የጀርመን አጋዘን እንዴት አላለቀም? ምክንያቱ ከመሬቱ ላይ ነው። ከ1848ቱ አብዮት በፊት አደን የመሳፍንት መብት ነበር፤ ገበሬው እህሉን አጋዘን ሲበላበት እያየ መተኮስ አይችልም ነበር። አብዮቱ መብቱን ከመሳፍንቱ ወስዶ ለመሬቱ ባለቤት ሰጠው። ዛሬ 75 ሔክታር የተያያዘ መሬት ያለው ሰው የራሱ የአደን ቀበሌ ይኖረዋል፤ ከዚያ ያነሰ ያላቸው ተባብረው ቀበሌያቸውን ያከራያሉ። ተከራዩ በዓመት ስንት አጋዘን እንደሚገደል በተወሰነ ዕቅድ ይመራል፤ እንስሳቱ የገበሬውን እህል ቢያበላሹ ብዙ ጊዜ ኪሣራውን የሚከፍለው እርሱ ነው። ለማደንም ብርቱ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ ጀርመኖች በቀልድ «አረንጓዴው ማትሪክ» እንደማለት አድርገው ይጠሩታል። ስለዚህ እያንዳንዱ አጋዘን የሚቈጥረውና የሚጠየቅበት ሰው አለው። በእንግሊዝም በ1831 የወጣው ሕግ የአደን ሥጋ ነጋዴን በፈቃድ ያሥር ነበር፤ በ2007 የነጋዴው ፈቃድ በእንግሊዝና በዌልስ ቀርቶ በየወቅቱ ብቻ ይሸጥ የነበረው ዓመቱን ሙሉ እንዲሸጥ ተፈቀደ።

እንግዲህ ሁለቱን ስናስተያይ እንዲህ ይመስለናል። የዱር እንስሳ ሁለት በር እንዳለው ቤት ነው፤ አንዱ የዱሩ በር፣ ሌላው የገበያው በር። አሜሪካኖች የገበያውን በር ዘግተው የዱሩን ለሁሉ ከፈቱ። ጀርመኖች የዱሩን በር በፈተናና በኪራይ አጥብበው የገበያውን ከፈቱ፤ አደን የማይችለው ሥጋውን ይገዛል። በሁለቱም አገር ተራው ሰው በአንደኛው በር ይገባል፤ ስለሚገባም ሕጉን የራሱ አድርጎ ያከብራል። የወዳጃችንን ጎረቤት ፊቱን የለወጠው የፖሊስ ፍርሃት ብቻ አይመስለንም።

ሁለቱም በሮች በሕዝቡ ፊት ሲዘጉስ? ኬንያ በ1977 አደንን፣ በ1978 ከአደን የሚገኘውን ነገር ሁሉ መነገድን ከለከለች። የታሰበው መልካም ነበር፤ ዝሆን በገፍ ይገደል የነበረበት ዘመን ነውና። ይሁን እንጂ በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው ከ1977 ጀምሮ በኬንያ ግጦሽ አገሮች የዱር እንስሳቱ ቍጥር በአማካይ በ68 በመቶ ቀነሰ። ጥፋቱ ሁሉ የክልከላው ነው አንልም፤ የሰው መብዛት፣ የከብት መብዛት፣ አጥርና ድርቅ አለበት። ግን የተደበቀ የሥጋ ንግድም አለበት፤ በሜዳው ላይ ለሚኖረው ከብት አርቢም የዱሩ እንስሳ ሣር የሚሻማ ሌላ ሰው ሀብት ሆኖበታል። ደቡብ አፍሪካ በተቃራኒው ሄደች። በ1991 በወጣው ሕግ በቂ አጥር ያጠረ ባለመሬት በአጥሩ ውስጥ ያለው የዱር እንስሳ የራሱ ሆነ፤ ሥጋውንም ይሸጣል። እንስሳቱ በየግል መሬቱ በዙ። ነገር ግን አጥር ለማጠር ሰፊ መሬት ያስፈልጋል፤ ሰፊው መሬት በማን እጅ እንዳለ ደግሞ የዚያን አገር ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ለደገኛው ኢትዮጵያዊ አደን ከሥጋ ይልቅ የክብር ነገር ሆኖ ኖሯል። አንበሳና ዝሆን የገደለ ይዘፈንለት ነበር፤ ድኩላ አርዶ በልኳንዳ የሚሰቅል ሰው ግን አይተን አናውቅም። በነሐሴ 1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንንም፣ የዱር እንስሳንና ውጤቱን ያለ ፈቃድ መነገድንም ከለከለ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ይህም ከ1896ቱ የአሜሪካ ፍርድ ብዙም የራቀ አይደለም። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ግልጥ ነው። ሆኖም ከአዲስ አበባ ወጥቶ በአውራ ጎዳና የተጓዘ ሁሉ የሚያየው ነገር አለ፤ ልጆች ቆቅ ወይም ጅግራ በእግሯ አንጠልጥለው መኪና ያስቆማሉ። ወርዶ ዋጋ የሚከራከረው ሰው አንዳንድ ጊዜ የመንግሥት ታርጋ ባለው መኪና የሚሄድ ነው። አዋጁን ጽፎ ያሳተመውና ቆቋን የሚገዛው አንድ መንግሥት መሆኑን ልጁ ያስተውል ይሆን?

የቆቋ ነገር ትንሽ ነው። ትልቁ ነገር በምዕራብ ነው። ከደቡብ ሱዳን ተነሥቶ በየዓመቱ ከፊሉ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ የሚገባ ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባል እንስሳ አለ። በ2023 በአውሮፕላን ተቈጥሮ በጁን 2024 የተገለጠው ውጤት በደቡብ ሱዳን ምሥራቃዊ ሜዳዎች ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ከቦታ ቦታ የሚፈልስ የሜዳ እንስሳ እንዳለ አስታወቀ፤ ከዚሁም ከ5 ሚሊዮን የሚበልጠው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። በዓለም ላይ በየብስ ከሚደረገው የእንስሳት ፍልሰት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ተባለ። ይህንን ስንሰማ ደስ አለን። ነገር ግን ቈጣሪዎቹ ከደስታው ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አያይዘው ነበር፤ ለከተማ ገበያ የሚደረገው የሥጋ አደን እያየለ መሄዱን።

አንባቢያችን እርግቧን ያስታውስ። አኙዋክና ኑዌር ከዚህ እንስሳ ጋር ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ በጦር አድነው በልተዋል፤ እንስሳውም አላለቀም። ዛሬ ግን በጦሩ ፈንታ ክላሽንኮቭ፣ በባቡሩ ፈንታ ሞተር ሳይክልና የጭነት መኪና፣ በቴሌግራፉም ፈንታ ተንቀሳቃሽ ስልክ አለ። መንጋው የት እንደዋለ ለነጋዴው ለመንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። 5 ሚሊዮን ብዙ ነው የሚል ቢኖር 3 ቢሊዮንም ብዙ ነበር።

ስለዚህ የገበያው በር በእኛ አገር ተዘግቶ ይቆይ ባዮች ነን። የጀርመኑ መንገድ ያምራል፤ ግን ለእኛ ዛሬ አይሆንም። ድንበር ለሚሻገር መንጋ ባለ 75 ሔክታር ባለቤት አይገኝለትም። ሥጋውንም ማን ይመረምራል? ቻይና በፌብሩዋሪ 2020 የምድር የዱር እንስሳ መብላትንና መነገድን የከለከለችው በሽታ ካመጣው መከራ በኋላ ነበር።

የዱሩን በር ግን እንዲሁ ተዘግቶ ይኑር ለማለት አንደፍርም። ፈቃድ የሚባል ነገር በአዋጁ ውስጥ አለ፤ መንገዱ የተጠረገው ግን በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ ለቀንዱ ለሚመጣው እንግዳ አዳኝ ነው። እንግዳው አዳኝ ክፉ ሰው ነው አንልም፤ የሚከፍለው ገንዘብ ለአገር ይጠቅማል። ነገር ግን ከአባቱ የአደን መንገድ የወረሰ የጋምቤላ ሰው አንድ ቆርኬ ለልጆቹ ገድሎ ሲያዝ፣ ሰባት ሺሕ ማይል አቋርጦ የመጣው ሰው ደግሞ በአጃቢ ታጅቦ ሲያድን ካየ፣ ስለ ሕጉ ምን እንዲያስብ ነው የምንጠብቀው? አሜሪካኖች ገበያውን ሲዘጉ ለሕዝባቸው የሰጡትን ምትክ እኛ አልሰጠንም። ለየቀበሌው በስሙ የተመዘገበ፣ ከቈጠራ የተነሣ ቍጥር ቢወሰንለት፣ የሚበላው ለድስት ብቻ ሆኖ ከቀበሌው ቢወጣ ግን እንዲወረስ ቢደረግ፣ የቀበሌው ሰው ራሱ የነጋዴው ጠባቂ ይሆናል ብለን እናምናለን። ይህ ቈጠራ ይጠይቃል፤ ቈጠራም ገንዘብና ሰው ይጠይቃል። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቻችን መካከል የሥነ ሕይወት ትምህርት ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ጥቂት አይደሉም።

ይህ እስኪሆን ድረስ በየኬላው የሚቆመው ወጣት ሹም አንድ ነገር ሊለይ ይችላል። በአኮፋዳ የተያዘ የደረቀ ሥጋ አለ፤ በአይሱዙ ከማዳበሪያ ጆንያ በታች የተጫነም አለ። ሁለቱም ከአንድ እንስሳ ይመጣሉ፤ አዋጁም ሁለቱንም ይነካል። የምንሰማው ግን ብዙ ጊዜ የሚያዘው ባለ አኮፋዳው መሆኑን ነው። አይሱዙውን ማስቆም ከባድ ነው፤ ባለቤቱ ስልክ የሚደውልለት ሰው አያጣም።

ስለ ወዳጃችን ላልጠየቀን አንባቢ ለመንገር ያህል፣ የገና እንግዶቹን በበግ ወጥ ሸኝቷል። በሚመጣው ኅዳር ራሱ ለማደን ስለቈረጠ የአዳኞቹን ትምህርት ጀምሯል፤ ጎረቤቱም ኢላማ ያለማምደዋል። ባራኪውን ከየት እንደሚያገኝ ግን እስካሁን አልነገረንም።